አይዳን እንደገና ማዳመጥ፦ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በሸክላ ላይ

አይዳ የምትባል ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም የክፍል ጓደኛ ያልነበረው የአዲስ አበባ ልጅ ካለ እጁን ያውጣ። ስሙ በዓረቡም ዓለም የተለመደ ነው። በአውሮፓ ግን ዝነኛ ያደረገው አንድ ኦፔራ ነው። ያ ኦፔራ ደግሞ ስለ እኛ ነው፤ ቢያንስ እንደዚያ ይላል። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ቬርዲ ከደረሳቸው ከሃያ አምስት በላይ ኦፔራዎች ውስጥ በየአገሩ መድረክ በብዛት ከሚታዩት አንዱ "አይዳ" ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕሪ በግብፅ ምድር በባርነት የተያዘች የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት።

ሰሞኑን የዚህን ኦፔራ የቆዩ ቅጂዎች እንደገና እየከፈትኩ ሳዳምጥ ነው የከረምኩት። ከጥንቱ ሸክላ እስከ ቅርብ ጊዜው ቪዲዮ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ቬርዲን የሚወዱ ሰዎች ስለነዚህ ቅጂዎች ሲከራከሩ የማን ድምፅ ይበልጣል፣ የትኛው የኦርኬስትራ መሪ ይፈጥናል፣ የትኛው ይዘገያል እያሉ ነው። ደስ የሚል ክርክር ነው፤ እኔም እገባበታለሁ። ግን ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ሌላም ጥያቄ አለ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት "ኢትዮጵያ" ሆኖ መድረክ ላይ የቆመው ማን ነበር?

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ ልበል። አይዳ ማንነቷን ደብቃ የፈርዖን ልጅ የአምኔሪስ አገልጋይ ሆና ትኖራለች። ራዳሜስ የሚባለውን የግብፅ ጦር አዛዥ ትወዳለች፤ እሱም ይወዳታል። ችግሩ አምኔሪስም ትወደዋለች። የአይዳ አባት ንጉሥ አሞናስሮ ልጁን ሊያስመልስ ጦር ይዞ ይመጣል፣ ይሸነፋል፣ ንጉሥነቱን ደብቆ እንደ ተራ መኮንን ይማረካል። በሦስተኛው ገቢር በዓባይ ዳር፣ በሌሊት፣ አባት ልጁን አግኝቶ የግብፅ ጦር የሚሄድበትን መንገድ ከፍቅረኛሽ አውጪልኝ ይላታል። ራዳሜስ ምስጢሩን ያወጣል፣ ይያዛል፣ ከነሕይወቱ መቃብር ውስጥ እንዲዘጋበት ይፈረድበታል። አይዳ ቀድማ ገብታ ትጠብቀዋለች።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ማን አስጻፈው? ነገሩ የሚጥመውም የሚመረውም እዚህ ላይ ነው።

የግብፁ ኬዲቭ ኢስማኤል ነው ያስጻፈው። ስዊዝ ካናልን በ1869 አስመርቆ፣ ካይሮ ላይ የኦፔራ ቤት ሠርቶ፣ አገሬ ከእንግዲህ የአውሮፓ ቁራጭ ናት የሚል ገዥ። ቬርዲን መጀመሪያ ለምርቃቱ መዝሙር ጻፍልን ብለውት እንዲህ ያለ ሥራ አልሠራም ብሎ ነበር። የኦፔራ ቤቱ የተከፈተው በራሱ በቬርዲ "ሪጎሌቶ" ነው። በኋላ ፈረንሳዊው የጥንታዊት ግብፅ ተመራማሪ ኦጉስት ማሪየት የታሪኩን ረቂቅ ሲያዘጋጅና 150,000 ፍራንክ ሲቀርብለት ተስማማ። ግጥሙን አንቶኒዮ ጊስላንዞኒ ጻፈው። ትርዒቱ ለ1871 መጀመሪያ ታቅዶ ሳለ የፕሩሺያ ጦር ፓሪስን ከበበና እዚያ የተሠሩት አልባሳትና የመድረክ ዕቃዎች ከከተማው መውጣት አቃታቸው። ስለዚህ ካይሮ ላይ መጋረጃው የተከፈተው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 24 ቀን ሆነ። ቬርዲ ራሱ አልሄደም። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሚላን ላይ ላ ስካላ ሲከፈት ግን ራሱ ቆሞ አዘጋጀው።

መዘግየቱ ለእኛ ጠቀመን ማለት ይቻላል። ቬርዲ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ የሦስተኛውን ገቢር መጀመሪያ እንደገና ነካካው፤ አይዳ ብቻዋን ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላይም እያለች የምትዘፍነውን ዜማ ጨመረ። የፓሪስ ሰው በከበባ ተርቦ ድመትና አይጥ በበላበት ዓመት የተገኘ ጭማሪ መሆኑ ነው። ዛሬ ያለዚያ ዜማ "አይዳ"ን ማሰብ አይቻልም።

አሁን አንዳንዶቻችሁ "ቆይ፣ ይቺ ኢትዮጵያ የእኛዋ ኢትዮጵያ ናት ወይ?" እንደምትሉ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በግጥሙ ውስጥ የሚጠቀሰው ተራራማ መተላለፊያ ናፓታ ይባላል። ናፓታ ዛሬ በሰሜን ሱዳን ያለ፣ የኩሽ ነገሥታት ከተማ የነበረ ቦታ ነው። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኢትዮጵያ ይሉት ነበርና ማሪየት ያሰበው የኩሽን መንግሥት ነው። እነዚያ የኩሽ ነገሥታት በነገራችን ላይ ግብፅን ራሷን ገዝተዋል፤ ሃያ አምስተኛው ሥርወ መንግሥት የሚባለው የእነሱ ነው። ማሪየት ይህን አሳምሮ ያውቃል። ግን ሲጽፍ ድሉን ለፈርዖን ሰጠው። ከፋዩ ማን እንደሆነ አይረሳማ!

እሺ፣ ጥንት ጥንት ነው እንበል። ከትርዒቱ በኋላ የመጣው ግን ጥንት አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አክሱም ላይ የነገሡት በጥር 1872 ነው፤ ካይሮ "አይዳ"ን ካየች ወር ሳይሞላ ማለት ነው። በዚያው ዓመት የኬዲቩ ሹም ሙንዚንገር ከምፅዋ ወጥቶ ከረንንና የቦጎስን አገር ያዘ። በ1875 የግብፅ ጦር ሐረር ገባ። ሙንዚንገር ሌላ ጦር ይዞ በአፋር በኩል ሲመጣ አውሳ ላይ ተገደለ። በኅዳር ወር በዴንማርኩ ተወላጅ በአረንድሩፕ የሚመራው ጦር ጉንደት ላይ ተደመሰሰ፤ አዛዡም ወደቀ። ኬዲቩ በቁጣ ከአሥር ሺህ በላይ ጦር ልኮ በመጋቢት 1876 ጉራዕ ላይ ዳግመኛ ተመታ። የገዛ ልጁ ልዑል ሐሰን እዚያ ነበር። ከአማካሪዎቹ መካከል ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተረፉ መኮንኖች ነበሩ፤ ዋናው የጦር ሹም ሎሪንግ ለባሪያ አሳዳሪው ደቡብ ሲዋጋ የነበረ ጄኔራል ነው።

ልብ በሉ። በኦፔራው ሁለተኛ ገቢር የኢትዮጵያ ምርኮኞች በፈርዖን ፊት ተንበርክከው ይለምናሉ። በጉራዕ የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ የኬዲቩ ወታደሮች ናቸው በዐፄ ዮሐንስ እጅ የወደቁት። በአምስት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። ኬዲቭ ኢስማኤል ያን ትልቅ የድል ሰልፍ እንደገና ሲሰማ ምን ተሰማው ይሆን?

ኤድዋርድ ሰይድ በ1993 ባሳተመው መጽሐፉ "አይዳ" ስለ ቅኝ ገዥነት የተሠራ ከመሆን ይልቅ የቅኝ ገዥነቱ ራሱ አካል የሆነ ሥራ ነው ብሎ ረዘም ያለ ትንታኔ ጽፎበታል። ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የተሠራበትን ምክንያት በሚመለከት። ሙዚቃውን ስሰማ ግን ቬርዲ ከከፋዩ ጋር ሙሉ በሙሉ የቆመ አይመስለኝም። የድል ሰልፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የአውሮፓ ኳስ ደጋፊ ስታዲየም ውስጥ የሚያዜመው ነው። ቬርዲ ለዚያ ሰልፍ ብሎ ረጃጅም መለከቶች አሠርቷል፤ ሦስቱ በአንድ ቅኝት፣ ሦስቱ በሌላ። ድምቀቱ ይህ ነው። ግን ሰልፉ አልፎ ምርኮኞቹ ሲገቡ፣ አሞናስሮ ዛሬ እኛን ያገኘን ነገ እናንተን ያገኛችኋል በሚል መንፈስ ምሕረት ሲለምን የሚይዘው ዜማ የትዕይንቱ ሁሉ ሰፊና ልብ የሚነካ ዜማ ነው። ካህናቱ "ይሙቱ" እያሉ ሲደነፉ ሙዚቃው ጠባብና ደረቅ ነው። ዜማው ያለው ከተሸናፊዎቹ ጋር ነው። ቬርዲ በእርጅናው ዘመን ሊጠይቀው ለሄደ አንድ ምሁር፣ ጣሊያን በአፍሪካ የምትሠራው ግፍ እንደሆነና ዋጋ እንደምትከፍልበት መናገሩ ተመዝግቧል።

ወደ ቅጂዎቹ ልግባ።

ሙሉው "አይዳ" በኤሌክትሪክ ማይክራፎን ጥሩ ሆኖ የተቀዳው በ1928 ነው፤ ያውም ሁለት ጊዜ በአንድ ዓመት። የሚላኑን የካርሎ ሳባይኖን ቅጂ ስትሰሙ ሸክላው ይንጫጫል፤ መጥበሻ ላይ ሽንኩርት እንደሚቁላላ። አይዳ ሆና የምትዘፍነው ዱሶሊና ጃኒኒ፣ ራዳሜስ ደግሞ አውሬሊያኖ ፔርቲሌ ነው። ፔርቲሌ ቃላቱን እንደሚናገር ሰው ነው የሚዘፍነው፤ ይህን ዛሬ ከብዙ ቴነሮች አታገኙም። አንድ ሸክላ የሚይዘው አራትና አምስት ደቂቃ ስለሆነ ሙዚቃው በየመሀሉ ይቆረጥ ነበር። ሙሉ ኦፔራ መግዛት ማለት ሳጥን ሙሉ ሸክላ ተሸክሞ መግባት ነበር።

ቀጥሎ ያለው ሙሉ ቅጂ ሮም ውስጥ የተሠራው በ1946 ነው። ቱሊዮ ሴራፊን መሪ፣ ማሪያ ካኒሊያ አይዳ፣ ቤኒያሚኖ ጂሊ ራዳሜስ። እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። በ1936 የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በ1941 ተባረረ። አምስት ዓመት ቆይቶ የሮም ኦፔራ ዘፋኞች ስቱዲዮ ገብተው የተወረረችውን የኢትዮጵያን እንባ ያለቅሳሉ። ካኒሊያ አገሬን ዳግመኛ አላይም ስትል ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል። ክፋት አላይባትም፤ ሙያዋን ነው የሠራችው። ግን በዚያች ሮም፣ በዚያው ሰዓት፣ በ1937 ከአክሱም ተጭኖ የሄደው ሐውልታችን ቆሞ ነበር።

ይሄን ካነሳሁ አይቀር። የሮም ኦፔራ ከ1937 ጀምሮ በበጋ ምሽት ትርዒቱን የሚያሳየው በጥንታዊው የካራካላ መታጠቢያ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። የዚያ መድረክ ዋና መለያ ደግሞ ለብዙ ዓመት "አይዳ" ነበር፤ በእውነተኛ ፈረስ፣ በብዙ ሰው፣ በችቦ። የአክሱም ሐውልት የቆመበት አደባባይ ከካራካላ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የሮም ሰው ለስንት ዓመት ተራመደ፤ እውነተኛውን ምርኮ አልፎ የቲያትሩን ምርኮኛ ለማየት። ሐውልቱ ወደ አገሩ የገባው በ2005 ነው።

የቶስካኒኒ ነገር ከዚህ ጋር አብሮ ይሄዳል። አርቱሮ ቶስካኒኒ በ1886 የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ቼሎ ተጫዋች ሆኖ ከአንድ የጣሊያን ቡድን ጋር ሪዮ ዴ ጃኔሮ ሄዶ ሳለ መሪው ጠፋ፤ ታዳሚው አመፀ፤ ልጁን ገፍተው አወጡት። ያን ምሽት ሙሉውን ኦፔራ ወረቀት ሳያይ መራው። ኦፔራው "አይዳ" ነበር። በ1931 ቦሎኛ ላይ የፋሺስቶችን መዝሙር አላጫውትም ብሎ በጥፊ የተመታውም ይሄው ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ አገዛዙ እስኪወድቅ ጣሊያን ውስጥ ኦርኬስትራ አልመራም። በ1949 ኒው ዮርክ ላይ፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ "አይዳ"ን ለቴሌቪዥን መራ። ቪዲዮው አለ፤ ፈልጉት። መድረክ የለም፣ አልባሳት የለም፤ ወንዶቹ ከረባት አስረው ቆመዋል። ማንም ፊቱን አልተቀባም። ሽማግሌው እጁ ላይ ያለችው ዘንግ ብቻ ትሄዳለች፣ ዓይኑ ደግሞ ሰው ይበላል። ቴነሩ ሪቻርድ ታከር በመጀመሪያው ገቢር የታወቀውን የራዳሜስ ዜማ ሲጨርስ ከፍተኛውን ድምፅ አውጥቶ ቃላቱን ዝቅ ባለ ድምፅ ይደግማቸዋል። ይህን ቬርዲ ራሱ የፈቀደው ነው፤ መጨረሻው በጩኸት እንዲያልቅ አልፈለገም። ዛሬ ሁሉም ይጮሃል፣ ሕዝቡም ለጩኸቱ ያጨበጭባል። ይህን ቅጂ የምወደው ለዚህ ነው። አይዳ የሆነችው ሄርቫ ኔሊ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ድምፅዋ ንጹሕ ቢሆንም ነገሩ የምር የደረሰባት አይመስልም።

የደረሰባት የምትመስለው ማሪያ ካላስ ናት። ሁለት ካላሶች አሉ። የመጀመሪያዋ የሜክሲኮ ሲቲዋ ናት፤ ሐምሌ 3 ቀን 1951። ከአዳራሽ የተቀዳ፣ ጥራቱ የማይረባ፣ ሹክሹክታውና ሳሉ ሁሉ የሚሰማ። በድል ትዕይንቱ መጨረሻ ኦርኬስትራው፣ መዘምራኑ፣ መለከቱ፣ ሁሉም በአንድ ላይ ሲያገሳ ካላስ ቬርዲ ያልጻፈውን ከጣሪያ በላይ የሆነ አንድ ድምፅ አውጥታ እስከ መጨረሻው ትይዘዋለች። ሕዝቡ አበደ። አንዳንድ ሊቃውንት ይህን እንደ ሰርከስ ያዩታል። ይበሉ። በታሪኩ ውስጥ አስቡት ግን፤ ያ ሁሉ የድል አድራጊ ሠራዊት እየጮኸ፣ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የባሪያይቱ ድምፅ ነው። ባልተጻፈው ኖታ የታሪኩን ልብ ያገኘችው ይመስለኛል።

ሁለተኛዋ የ1955ቱ የስቱዲዮ ካላስ ናት፤ ሚላን፣ ያው ሴራፊን መሪ፣ ቲቶ ጎቢ አሞናስሮ። የዓባይ ዳሩን የአባትና የልጅ ትዕይንት ከዚህ የተሻለ አልሰማሁም። ጎቢ መጀመሪያ ያባብላታል፤ ስለ አገር ደኖች፣ ስለ ቀዝቃዛው ሸለቆ፣ ስለ ቤተ መቅደሱ። ድምፁ እንደ ጋቢ ነው፣ ይሸፍናታል። እምቢ ስትል በአንድ እስትንፋስ ይለወጣል። ደም ይጠራባታል፣ የሞተች እናቷን ከመቃብር ያስነሳባታል፣ በመጨረሻም ልጄ አይደለሽም፣ የፈርዖኖች ባሪያ ነሽ ይላታል። ካላስ ከዚያ በኋላ የምትመልስለት በተሰበረ ድምፅ ነው፤ መሬት ላይ ተደፍታ እንደምትናገር። ይህን የአባት እርግማን የሚፈራ አገር ሰው ሲሰማው ሌላ ነው። ፈረንጆቹ አሞናስሮን ብዙ ጊዜ እንደ አረመኔ ነው የሚጫወቱት፤ ጎቢ ግን አገሩ እየነደደ ያለ፣ ጊዜ የሌለው ሰው አድርጎ ነው የሠራው።

ቴባልዲንም መዝለል አይቻልም። የ1959ኙ የካራያን ቅጂዋ በድምፅ ውበት ወደር የለውም፣ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ይልቅ በ1953 የተሠራው ፊልም ነው የሚያስገርመው። እዚያ የምትዘፍነው ቴባልዲ ናት፤ የምትታየው ግን ሶፊያ ሎረን። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ ቡናማ ቀለም ተቀብታ፣ በሰው ድምፅ አፏን እያንቀሳቀሰች። ድምፁ የአንዷ፣ አካሉ የሌላዋ፣ ቆዳው የቀለም ፋብሪካው። "ኢትዮጵያዊት" ለመሥራት ሦስት ነገር ተገጣጠመ፤ ከሦስቱ አንዱም ከእኛ አህጉር አልመጣም። ልጅቷ ግን ቆንጆ ናት፣ አልክድም።

ጥቁር ሰው ጠፍቶ ነው እንዳትሉ። ካተሪና ጃርቦሮ በ1933 ኒው ዮርክ ላይ አይዳን ዘፍናለች። ትልቁ የሜትሮፖሊታን ኦፔራ ግን በሩን ዘግቶ ኖረ። በጥር 1955 መጀመሪያ ማሪያን አንደርሰን ገባች፤ በዚያው ወር ሃያ ሰባተኛው ቀን ላይ ደግሞ ባሪቶኑ ሮበርት ማክፌሪን። በዚያ መድረክ ብቸኛ ዘፋኝ ሆኖ የቆመ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ። የተሰጠው ሚና ምን ይመስላችኋል? አሞናስሮ፣ የኢትዮጵያ ንጉሥ። በምርኮኛ ልብስ ነው የገባው። ማክፌሪን በዚያ ቤት ከጥቂት ትርዒቶች በላይ አልተሰጠውም፤ ከሦስት ወቅት በኋላ ወጣ። በታወቁት ሙሉ የስቱዲዮ ቅጂዎች በአንዱም ላይ የለም። ድምፁን የሰሙት ብዙዎች ሳያውቁት ነው፤ በ1959ኙ "ፖርጊና ቤስ" ፊልም ሲድኒ ፖይቲዬ አፉን ሲያንቀሳቅስ የሚዘፍነው እሱ ነው። የቦቢ ማክፌሪን አባት ነው ብል ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ቀኗን ያዙልኝ፤ ጥር 27። ቬርዲ የሞተው በ1901 ጥር 27 ነው። ማክፌሪን የገባው ጥር 27። ሊዮንቲን ፕራይስ በ1961 በዚያው ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የዘፈነችውም ጥር 27፣ በቬርዲ "ትሮቫቶሬ"። ጭብጨባው አርባ ሁለት ደቂቃ ፈጀ ይባላል። አጋጣሚ ነው፣ ግን ደስ ይላል።

ፕራይስ የሚሲሲፒ ልጅ ናት፣ ሎረል ከምትባል ከተማ። በ1955 በቴሌቪዥን "ቶስካ"ን ስትዘፍን አንዳንድ የደቡብ ጣቢያዎች አናስተላልፍም ብለዋል። አይዳን በ1957 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ጀመረች፣ በ1958 ቪየና፣ በ1960 ላ ስካላ። በዚህ ሚና ላይ ቆዳዬ አልባሳቴ ነው የምትል ሴት ናት። ሌሎቹ ከመጋረጃ በስተጀርባ ሰዓት ሙሉ ሲቀቡ እሷ ዝም ብላ ትገባለች።

በ1961 ሮም ላይ በሾልቲ መሪነት የተቀዳው ቅጂዋ ለእኔ ከስቱዲዮ ቅጂዎች ሁሉ የሚመረጠው ነው። የዓባይ ዳሩ ዜማ ላይ ወደ ላይ የሚወጣው ድምፅ በልስላሴ እንዲሆን ነው ቬርዲ ያዘዘው፤ ብዙዎቹ በኃይል ይወጡታል። ፕራይስ እንደ ዕጣን ጭስ ነው የምትለቀው። ከታች ደግሞ ድምፅዋ ውስጥ ጭስማ ነገር አለ፣ ሻካራ። ለስላሳውና ሻካራው አንድ ላይ ሲመጣ ከሩቅ ያለ አገር ናፍቆት ይሆናል። ስደት ላይ ላላችሁ ወገኖቼ ማብራራት አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ግን አለ። ልጅቷ እዚህ ፕራይስ ስትሆን አባቷ ሮበርት ሜሪል ነው፤ ግሩም ነጭ ባሪቶን። በ1970 እንደገና ስትቀዳም አባቷ ሼሪል ሚልንስ ነው። በዚያኛው ቅጂ ይልቅ የፈርዖን ልጅ ሆና የምትዘፍነው ጥቁሯ ግሬስ በምብሪ ናት! ባሪያዋም እመቤቷም ጥቁሮች፤ ማሪየት ይህን ቢሰማ ምን ይል ነበር።

አባትና ልጅ አንድ ላይ የምናያቸው በ1985 ነው። ጥር 3 ቀን፣ የፕራይስ የመጨረሻ የኦፔራ ምሽት፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ የተላለፈ። አሞናስሮ ሳይመን ኢስቲስ ነው። የአዮዋ ልጅ፣ አያቱ በባርነት የተሸጠ ሰው። ፕራይስ ሃምሳ ስምንት ዓመት ሊሞላት አንድ ወር ቀርቷታል። ድምፅዋ እንደ 1961ዱ አይደለም፤ መሀል ላይ ይቆራረጣል፣ ትንፋሽ ታሳጥራለች። ሦስተኛው ገቢር ደረሰ። ዓባይ ዳር ብቻዋን ቆማ አገሬን ዳግመኛ አላይም የሚለውን ዘፈነች። ያ ከፍተኛ ድምፅ ወጣ። ጨረሰች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ከሦስት ደቂቃ በላይ ነው። ሕዝቡ አላቆመም። ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። እጅ አልነሳችም፤ ምክንያቱም አሁንም አይዳ ናት፣ አሁንም ምርኮኛ ናት፣ አባቷ ገና ሊመጣ ነው። ከገጸ ባሕሪዋ ላለመውጣት ስትታገል ዓይኗ ይሞላል፣ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። የአገር ስንብት የዘፈነችው አይዳ እና መድረክን የምትሰናበተው ፕራይስ የቱ ጋ እንደሚለያዩ ማየት አይቻልም። ኦርኬስትራው ይጠብቃል። ሲረጋጋ ኢስቲስ ይገባል፤ ረጅም ሰው፣ ድምፁ ከደረቱ የሚወጣ። አባት ልጁን ባሪያ ነሽ ብሎ የሚሰድብበት ቦታ ሲደርስ፣ የባሪያ የልጅ ልጅ ለባሪያ የልጅ ልጆች ወገን ሲናገረው፣ ቃሉ ሌላ ክብደት አለው። ጎቢ ይህን ትዕይንት ከኢስቲስ በተሻለ ይዘፍነዋል፤ ይህን ያልኩት ሳላመነታ ነው። ግን 1985ን ካያችሁ በኋላ የጎቢን ስትሰሙ አንድ ነገር ይጎድልባችኋል።

በቅርቡ ነገሩ አልቋል ብላችሁ እንዳታስቡ። በ2022 በቬሮና አሬና አይዳ የሆነችው አና ኔትሬብኮ ፊቷን አጥቁራ ወጣች። ከ1913 ጀምሮ "አይዳ" የሚታይበት ግዙፍ የሮማውያን አደባባይ ነው። ጥቁሯ አሜሪካዊት ሶፕራኖ ኤንጀል ብሉ በዚያው ወቅት እዚያ "ትራቪያታ" ልትዘፍን ተይዛ ነበር፤ አልመጣም ብላ ቀረች። ቤቱ በኩሉ ትርዒቱ በድሮው አዘገጃጀት የተሠራ ነው ብሎ ተከላከለ። ድሮ ማለት ምን እንደነበር ከላይ ጽፌዋለሁ።

ኤንጀል ብሉ በ2024 መጨረሻ ላይ በሜትሮፖሊታን አዲስ በተዘጋጀው "አይዳ" ዋናዋን ሚና ወሰደች። በዚህ አዘገጃጀት አርኪዮሎጂስቶች በታሪኩ መሀል መድረኩ ላይ ይዘዋወራሉ፤ መቃብር እየከፈቱ፣ ዕቃ እያነሱ። ማሪየት ራሱ ተመልሶ የመጣ ይመስላል። ትርዒቱ በጥር 2025 በየአገሩ ሲኒማ ቤቶች ተላልፏል፤ አባቷ ሆኖ የዘፈነው የሃዋዩ ተወላጅ ክዊን ኬልሲ ነው። ብሉ የዓባይ ዳሩን ዜማ በዝግታ፣ ከልቧ ነው የምትይዘው። ከፕራይስ ጋር ላወዳድራት አልፈልግም፤ እንዲህ ያለ ውድድር ለማንም አይጠቅምም።

አሞናስሮ ግን እንዴት እንደሚሞት ታውቃላችሁ? አይታይም። በአራተኛው ገቢር አምኔሪስ ለራዳሜስ ሲሸሽ ተገደለ ትለዋለች፤ በአንድ ሐረግ፣ በማለፍ። ለንጉሡ ሙሾ አልተጻፈለትም። የኢትዮጵያ ጦርም እንዲሁ በወሬ ይበተናል። ኬዲቩ የከፈለው ለዚህ ነበር፤ በጉንደትና በጉራዕ ያላገኘውን።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምታዳምጡ ከሆነ ከድል ሰልፉ አትጀምሩ። በሾልቲው ቅጂ በቀጥታ ሦስተኛውን ገቢር ክፈቱ፤ ቫዮሊኖቹ በጣም ቀጭን ሆነው፣ ውኃ ላይ ጨረቃ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ሲጀምሩ። ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ የካላስና የጎቢን ያንኑ ገቢር። ከዚያ የ1985ቱን ቪዲዮ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ስልካችሁን ዘግታችሁ።